ተራ ባለሙያ ነኝ ብዬ ማልኩ

ሴፕቴምበር 3

ከለንደን አንዲት የሕግ አማካሪ ደወለችልኝ። ፕሪያ ናምቢያር ትባላለች። «ሚስተር ቴቡት፣ በ1999 የቴሌቪዥን መሐንዲስ ነበሩ?» አለችኝ። ነበርኩ አልኳት፤ ያውም የክፍል ኃላፊ። «በጣም ጥሩ! የምንፈልገው ተራ ባለሙያ ነው። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ግን የተለየ የፈጠራ ተሰጥኦ የሌለው።»

ነገሩ ትንሽ ቆነጠጠኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ስለ ቴሌቪዥን የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ሪሞታቸው የጠፋባቸው ጎረቤቶች ካልሆኑ በቀር። እሺ አልኳት።

ለጆሲ ስነግራት የምታጥበውን ሳህን አስቀምጣ ሳቀች። «ክሊፍ፣ በስንት ጊዜህ በልክህ የተሰፋ ሥራ መጣልህ!» ባለቤቴ እንዲህ ናት።

ነገሩ ይህ ነው። ኤምሪስ ቤቫን የሚባል ሰው ዌልስ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠሙ ሳጥኖች የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ አለው። አንድ ትልቅ ኩባንያ «ሳጥንህ ውስጥ ያለው ዘዴ በፓተንት የተያዘ ንብረቴ ነው» ብሎ ከሰሰው። ፓተንቱ ከጸና ፋብሪካው ይዘጋል። የቤቫን መከራከሪያ ደግሞ አንድ ነው፦ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የሚሰጠው የፈጠራ እርምጃ ላለበት ነገር ነው፤ ለተራ ባለሙያ ግልጽ የሆነ ነገር ፈጠራ አይባልም። ይህን ችሎት ቆሞ የሚያስረዳ ተራ ባለሙያ ያስፈልጋል። እኔ ተገኘሁ።

ቲማቲሞቼ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፍርተዋል።

ሴፕቴምበር 9

ፖስታው ደረሰኝ። አሠራራቸው ይገርማል። ፓተንቱን አያሳዩኝም፤ ዘዴው ምን እንደሆነም አይነግሩኝም። መልሱን ካየ በኋላ «ይኼማ ቀላል ነው» የሚል ምስክር ዋጋ የለውም አለች ፕሪያ። የሚሰጡኝ ያኔ የታተመ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። እሱን አንብቤ፣ ራሴን ወደ 1999 መልሼ፣ ቀጥሎ ምን አደርግ እንደነበር መናገር አለብኝ። ሌላው ትእዛዝ፦ ከማንም ጋር እንዳልማከር። «ከማንም ጋር፣ ሚስተር ቴቡት» ብላ ደገመችው።

ጽሑፉ ሁለት መቀበያ ስላለው ቴሌቪዥን ነው። አንደኛው የሚታየውን ጣቢያ ይይዛል። ሁለተኛው ሲያስፈልግ ሌላ ጣቢያ በትንሽ መስኮት ጥግ ላይ ያሳያል። ጥያቄው ደግሞ ይህ ነው፦ በዲጂታል ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቀየር ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልማል። ይህን ጨለማ ለማጥፋት ምን ታደርግ ነበር?

ቀላል ይመስላል። ነገ እጨርሰዋለሁ።

ሴፕቴምበር 12

አልጨረስኩም። ፈጣን ቺፕ፣ ሰፊ ማከማቻ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚመጣልኝ። ሁሉም ውድ፣ ሁሉም ደደብ። አእምሮ እንደ ጉልበት ይዝጋል መሰለኝ።

ከእራት በኋላ ጆሲ የአትክልት ፕሮግራሟን ፍለጋ ሪሞቱን ትነካካለች። ጨለማ፣ ምስል፣ ጨለማ፣ ምስል።

«ምን ሆነሃል? ፊትህን እንደዚያ አታኮማትረው» አለችኝ።

«ይኼን ጨለማ ነው የማስበው» አልኳት። ይህን ያህል መናገር ምክክር አይባልም።

«እኔን የሚያናድደኝን ልንገርህ? ሁሌም ወደ ላይ ነው የምጫነው። ቀጥሎ፣ ቀጥሎ፣ ቀጥሎ። ይኼ ግዑዝ ነገር ወዴት እንደምሄድ እያወቀ፣ የሚቀጥለውን አሰናድቶ አይጠብቀኝም?»

«እባክሽ ጆሲ፣ ላስብበት» አልኳት። ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሻዬም ቀዘቀዘ።

ሴፕቴምበር 13

አገኘሁት! አገኘሁት!

ጠዋት የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝቼ ሳለ ድንገት መጣልኝ። ትንሿ መስኮት ሳትከፈት ሁለተኛው መቀበያ ሥራ ፈት ነው። ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል? ተመልካቹ ቀጥሎ የሚሄድበትን ጣቢያ አስቀድሞ ይያዝ! ሰውየው ሲጫን ምስሉ ተሰናድቶ ይጠብቀዋል። ጨለማ የለም። ተጨማሪ ዕቃ የለም።

ከገንዳው ስዘል ውሃው ወለሉን አጥለቀለቀው። ጆሲ በሩን አንኳኳች። «ወደቅህ እንዴ?» ፎጣ እንዳገለደምኩ ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳት። አንድ ጊዜ ትክ ብላ አየችኝ። «ጎሽ፣ ጥሩ ነው» አለችና ድንቿን ልትልጥ ሄደች። ጆሲን የምህንድስና ነገር ብዙም አያስደንቃትም።

ከጡረታ ወዲህ እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሴፕቴምበር 20

ለንደን። ያሰብኩትን ለፕሪያ ነገርኳት፣ ጻፈችው፣ ከዚያ ፓተንቱን አውጥታ አሳየችኝ። ያው ራሱ ነው! ሁለተኛው መቀበያ፣ ቀጣዩ ጣቢያ፣ ሁሉም። ቪለም ቴርሆርስት የሚባል ሆላንዳዊ መሐንዲስ ነው ያመጣው፤ ለኩባንያው የሸጠው ከብዙ ዓመት በፊት ነው።

«እንዴት ደረሱበት? ብቻዎን?» አለችኝ።

«ብቻዬን። ገንዳ ውስጥ።»

ያንንም ጻፈችው።

ቤቫን ከዌልስ መጥቶ ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ክራባቱ ሁልጊዜ ወደ ጎን የዞረ ሰው። እጄን ይዞ አልለቅም አለ። «የኔ ወንድም፣ አንተ ሊቅ ነህ!» ፕሪያ ደነገጠች። «ሚስተር ቤቫን፣ ይህን ቃል በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ እንዳይጠሩት!» ሳቅን። በኋላ ግን ቤቫን ሳቁን ትቶ ስለ ሠራተኞቹ አጫወተኝ። ፋብሪካው ባለበት ሸለቆ ውስጥ ከዚያ ሌላ ሥራ የለም። ባልና ሚስት አብረው የሚሠሩበት ቤት ብዙ ነው። «ይኼ ነገር ከከሸፈ ፊታቸውን እንዴት አያለሁ?» አለ።

በባቡር ስመለስ ያችን የተከለከለች ቃል ለራሴ ስንት ጊዜ እንደደገምኳት አልጽፍም።

ኦክቶበር 2

የምስክርነት ጽሑፌን ፈረምኩ። ከመላኬ በፊት ጆሲ ላንብበው አለች። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«በደንብ ተጽፏል» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «‹ያለ ማንም እገዛ›» ብላ አንዷን ሐረግ ጮክ ብላ አነበበች።

«የሕግ አጻጻፍ ነው።»

«እንደሱ ነው?» ብላ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ።

ዛሬ ያለ ምክንያት ተነጫናጭ ሆኛለሁ። የአትክልቶቼን የመስታወት ቤት፣ የግሪንሃውሱን በር እንኳ ጎትቼ ዘጋሁት፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ምን እንደነካኝ እንጃ።

ኦክቶበር 10

በጥድፊያ። ጆሲ ከእህቷ ጋር በስልክ፦ «ተዪው በቃ። ስንት ጊዜ እንዲህ ደስ ይለዋል? ምን ይጎድልብኛል?» ከዚያ ሳቅ። ስለ ግሪንሃውሱ ይሆናል። የጋገረችው የአፕል ፓይ ግን ግሩም ነበር።

ኦክቶበር 24

ፕሪያ ደወለች። የወዲያኛው ወገን በስሜ የተመዘገቡ ፓተንቶችን አንድ በአንድ አውጥቷል። «አይሰድቡዎትም። የሚያደርጉት ሌላ ነው» አለች። «ያሞግሱዎታል። ይህ ሰው ተራ አይደለም፣ ለእሱ ግልጽ የሆነው ለሌላው ግልጽ አይደለም ይላሉ። ሙገሳውን ከዋጡት ቤቫን ያበቃለታል። ይገባዎታል?»

«እኔ ሙገሳ የምወድ ሰው አይደለሁም» አልኳት።

ጆሲ ከወጥ ቤት ስታስል ተሰማኝ። ጉንፋን ሳይዛት አይቀርም።

ኖቬምበር 5

የችሎቱ የመጀመሪያ ቀን። ጠበቆቹ ብቻ ተናገሩ። ዳኛዋ ወይዘሮ ሆልክሮፍት ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሴት ናቸው፤ ሁሉን በእጃቸው ይጽፋሉ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሽበታም ሰው ብቻውን ተቀምጧል። ቴርሆርስት ራሱ ነው። ለምስክርነት አልተጠራም፤ ፓተንቱንም ሸጦታልና አሁን የሚያገኝበት ነገር የለም። በራሱ ወጪ ሆላንድ ካለችው ከአይንድሆቨን ከተማ መጥቶ፣ ስለ ሐሳቡ የሚባለውን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። ተዋውቀን እጄን ሲጨብጠኝ አይኑን ማየት ከበደኝ። የኔ ሥራ እኮ የሰውየውን ሐሳብ ተራ ነው ማለት ነው።

ኖቬምበር 7

ዛሬ ሁሉን ልጻፍ። ጆሲ ሆቴሉ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ እኔ እንቅልፍ የለኝም።

ጠዋት እጄን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭኜ ማልኩ። መስቀለኛ ጥያቄውን ያቀረበው ሚስተር ኩዊላን የሚባል ጠበቃ ነው። ልስልስ ያለ፣ መልካም ጠባይ ያለው ሰው። እንዲህ ያለውን ነበር መፍራት የነበረብኝ።

«ሚስተር ቴቡት፣ በስምዎ የተመዘገቡ ፓተንቶች አሉ። ጥቂት?»

«ከጥቂት ይበልጣሉ» አልኩ። አፌን ምን ነካው?

«የሙያ ማኅበሩም ሜዳሊያ ሸልሞዎታል።»

«ትንሽ ሜዳሊያ ነው።»

«ትሑት ሰው ነዎት። ይህን ጽሑፍ ስንትና ስንት መሐንዲስ አንብቦታል። ያ ሐሳብ የመጣላቸው ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሚስተር ቴርሆርስት፣ ሌላው እርስዎ። ገንዳ ውስጥ፣ በአንድ አፍታ፣ ያለ ማንም እገዛ። ይህ የተራ ሰው ሥራ ነው ይላሉ?»

ደስ አለኝ። እዚህ ላይ ብዋሽ ጥቅም የለውም፤ በጣም ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለኝ አለቃ አልነበረም፤ አሁን አንድ ካባ የለበሰ ሰው በዳኛ ፊት አለኝ። «እንግዲህ፣ ተራ ብቻ ነው ለማለት እንኳ...» ብዬ ፈገግ አልኩ። ፕሪያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቤቫን ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ዳኛዋ ለምሳ አቋረጡ።

ምስክርነቱን ያልጨረሰ ሰው በእረፍት ሰዓት ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር መነጋገር አይፈቀድለትም። ዳኛዋ ራሳቸው አስጠነቀቁኝ። ፕሪያ እንደ ለምጻም ሸሸችኝ። እኔና ችሎቱን ልታይ ጠዋት በባቡር የመጣችው ጆሲ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካለች ትንሽ መናፈሻ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከቤት ይዛው የመጣችውን ሳንድዊች ሰጠችኝ።

«ሰናፍጩ አነሰው?» አለች።

«ልክ ነው።»

«ሌላ ጊዜ ትንሽ እጨምርልሃለሁ።»

«ጆሲ፣ ያን ቀን ማታ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ክሊፍ! ዳኛዋ ምን አሉ?» ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያ እርግቦቹን ዳቦ ማብላት ያዘች። አንድ የመረራት ነገር ፊቷ ላይ ብፈልግ አጣሁ። እውነትም ስለ ሰናፍጩ ነበር የምታስበው። «የሚቀጥለውን አሰናድቶ አይጠብቀኝም?» ያለችው እሷ ናት። እኔ በማግሥቱ ገንዳ ውስጥ ገብቼ ሰማኋት። ይህን መቼ ነው ያወቅኩት? ዛሬ አይደለም። ወረቀቱን አጥፋ የሰጠችኝ ዕለት ሳላውቀው አልቀረሁም። አፈርኩ።

ከምሳ በኋላ ኩዊላን ገና ሳይጀምር፣ «ክብርት ዳኛ፣ ማረም የምፈልገው ነገር አለ» አልኩ። ፕሪያ ነጣች።

«ያለ ማንም እገዛ የሚለው ትክክል አይደለም። በዋዜማው ማታ ባለቤቴ ተናግራዋለች። ቴሌቪዥን ስናይ ነበር።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም። «ምን አሉ? ቃል በቃል?»

ቃል በቃል ነገርኳቸው። ጻፉት።

«ባለቤትዎ መሐንዲስ ናቸው?»

«አይደለችም፣ ክብርት ዳኛ። ፖስታ ቤት ነበር የምትሠራው።»

ኩዊላን ግን ቀላል ሰው አይደለም። ዐይኑ በራ። «እንግዲያውስ ጥሩ። እርስዎ፣ ባለሙያው፣ በዚህ ጽሑፍ ላይ ቀናት አሳልፈው ምንም አላገኙም። የውጭ ሰው ሹክ ባይልዎት ኖሮ አይደርሱበትም ነበር። ታዲያ እንዴት ለባለሙያ ግልጽ ነው ይላሉ?»

ቤቫንን አየሁት። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ጨምቋቸዋል። ያ ሁሉ የሸለቆ ሰው በእነዚያ እጆች ውስጥ ያለ መሰለኝ።

«ሚስተር ኩዊላን» አልኩ፣ «በ1999 ጣቢያ ስለመቀየር እንድንሠራ ብንታዘዝ ኖሮ፣ መጀመሪያ የምናደርገው ሰው እንዴት ጣቢያ እንደሚቀይር ማየት ነበር። እያንዳንዱ መሐንዲስ ቤት ሶፋ አለ፤ ሶፋው ላይ ወደ ላይ ወደ ላይ የሚጫን ሰው አለ። እኔ ይህን ዘልዬ ጽሑፉ ላይ ተደፋሁ። ዘንግቼዋለሁ፣ ጡረተኛ ነኝ። ማንኛውም ደህና ባለሙያ ከእኔ ይፈጥን ነበር።»

«ራስዎን ከተራ ባለሙያ በታች እያደረጉ ነው?»

«ያን ሳምንት፣ አዎ።»

«ጠዋት እንደዚህ አላሉም።»

«ጠዋት እርስዎ ደግ ነበሩ» አልኩት። «ተራ ባለሙያ ነኝ፣ ጌታዬ። ምዬ ነው የምናገረው።»

ሊከብደኝ ይገባ ነበር። አልከበደኝም። ጠባብ ጫማ እንደማውለቅ ነው የሆነልኝ።

ኖቬምበር 8

በባቡር። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ገና ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ። ጆሮህ ላይ አረፋ ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበልህ? እንዲያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። እኔ ስለ ቴሌቪዥኑ ነው የተማረርኩት እንጂ መፍትሔ የሰጠሁ አልመሰለኝም። ሁለት መቀበያ ምናምን የምትለው አሁንም አልገባኝም።» ከዚያ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። «ግን ‹ፖስታ ቤት ነበር የምትሠራው› ስትል ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያንን ኮት መልበሴ በጀኝ።»

ኖቬምበር 21

ፕሪያ። ደወለች፤ ድምጿ ቀዝቃዛ ነው። የወዲያኛው ወገን በመዝጊያ ንግግሩ «የፈረመውን ጽሑፍ ራሱ ያፈረሰ ምስክር አይታመንም፣ ምስክርነቱ በሙሉ ይጣል» ብሏል። «ከማንም ጋር ብዬዎት ነበር» አለች። ብላኝ ነበር።

ቤቫንን አጥፍቼው ይሆን? እውነቱን ቀድሜ ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የዳሊያ አበባዎቼን ሥር ከመሬት አወጣሁ። ጥሩ ሥር ይዘዋል።

ዲሴምበር 2

ምንም ወሬ የለም። ቤቫን የገና ካርድ ላከ፤ የፋብሪካው ሰዎች ሁሉ ፈርመውበታል፤ ለመጻፊያ እንኳ ቦታ አልቀረም። ጆሲ ከእሳት ምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አቆመችው። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ሌላ ሌላውን አያለሁ።

ያም ሆኖ፣ ይህን መጻፍ ያሳፍራል እንጂ፣ ደህና ነኝ። ማታ ማታ ካርታ እንጫወታለን። እሷ ታሸንፋለች፣ እኔ እነጫነጫለሁ። እንዲህ ብዙ ያወራንበት ወር ትዝ አይለኝም።

ዲሴምበር 18

ፍርዱ ዛሬ ተሰጠ። መሄድ ግዴታ አልነበረብኝም፤ ጆሲ «ያን ኮት አዘጋጅቻለሁ» አለች፣ ሄድን።

ፓተንቱ የፈጠራ እርምጃ የለውም ተብሎ ተሰረዘ። ሁለተኛው መቀበያ ሥራ ፈት ሆኖ ሳለ፣ ተመልካች ወደ ላይ እንደሚጫን እያየ፣ ተራ ባለሙያ ቀጣዩን ጣቢያ አስቀድሞ ለመያዝ ማሰቡ አይቀርም ነበር አሉ ዳኛዋ። ቤቫን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ጆሲን አንስቶ አዞራት። ኮቷ ቁልፍ ጎደለው።

ስለኔም አንድ አንቀጽ አለ። የጽሑፌ ስሕተት ቀላል እንዳልሆነ ወቅሰውኝ፣ ራሴ ማረሜን ቆጥረውልኝ፣ «ሚስተር ቴቡት ሐቀኛ፣ ጠንቃቃና በሐሳብ ዘገም ያሉ ባለሙያ ናቸው፤ ሕጉ ተራ ባለሙያ የሚለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው» ይላል። ጆሲ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ፕሪያ እንኳ ሳቀች። ይቅር ብላኛለች።

ኮሪደሩ ላይ ቴርሆርስት ኮፍያውን ይዞ ቆሟል። ሌሎቹ ሲጨባበጡ ማንም ወደሱ አልሄደም። ሄድኩ። «ይቅርታ፣ ሚስተር ቴርሆርስት» አልኩት።

«ለምኑ? እውነቱን ነው የተናገሩት።» ድካም ያለበት ፈገግታ ነው። «ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ሐሳቡ ሲመጣልዎት፣ ያመረ ነበር?»

«የሚያምር ነበር» አልኩት። «ከምነግርዎ በላይ።»

ዐይኑን ጨፈን አደረገ። ባቡሩ ማታ ነው፤ ጆሲ ክንዱን ይዛ ምሳ ካልበላህ አትሄድም አለችው። ጥግ ካለች መጠጥ ቤት የስጋና የድንች ፓይ አዘዝን። ቢራው ሲደርሰው ተናገረ። ሐሳቡ በዝናብ በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው የመጣለት። ከደስታው ብዛት መታጠፊያውን ስቶ ቦይ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።

«ከዚያስ?» አለች ጆሲ።

«ከዚያ እየበረርኩ ቤት ገባሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ለባለቤቴ ለማሪት ነገርኳት። ሾርባ እያማሰለች ነበር።»

«ምን አለች?»

ቴርሆርስት ሹካውን አስቀመጠ። «‹ይኼማ ግልጽ አይደለም እንዴ?› አለችኝ።»

ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። ሳቁ አላቆም ብሎት ዐይኑን በናፕኪን ጠረገ፤ ጠርጎም አልጨረሰ። «ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው» አለ። «ዳኛዋ ያነበቡትን ስሰማ የማሪትን ድምፅ ነው የሰማሁት።» ጆሲ ከሳህኗ ድንቹን አንስታ የእሱ ሳህን ላይ ጨመረችለት። እሱም በላ።